ካፖርቱ ኮምቦልቻ ወርዷል

እኔ ሰው አላስቸግርም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴ ገና ርእሱን ስታይ «ደግሞ ማንን ልትከስ ነው?» ማለቷ ስለማይቀር ነው። ማንንም አልከስም። ለመክሰስ ተከሳሽ ያስፈልጋል። የእኔ ተከሳሽ ደግሞ መልክ የለውም፣ ስም የለውም፣ ሱቅ የለውም፤ ያለው ስልክ ላይ በክብ የተቆረጠ የአንበሳ ፎቶ ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጣው ብርድ ነው። ደሴን የማያውቅ ሰው ወሎ ሲባል ሁሉም ቆላ ይመስለዋል። እኛ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅለን ጠዋት ጭጋግ ይጫወትብናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ከሌላው ሰው ቀድሞ ይነጥቀናል። ለሠላሳ ዓመት የለበስኩት ካፖርት ነበረኝ። ጨርቁን ከራሴ ሱቅ ቆርጬ ያሰፋሁት ነው። ባለፈው ክረምት ከሳጥን ሳወጣው ብል ወንፊት አድርጎታል። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ኮከብ የሞላበት ሰማይ ይመስላል። ባለቤቴ «ምነው፣ አየር ያስገባልሃል» አለችና ሳቀች። ብርዱ የሚገባው ጉልበቴ ውስጥ ነው እንጂ እሷ ጉልበት ውስጥ አይደለም።

የልጅ ልጄ ሰማች። መስማቷ ነው ጉዱ። «አባባ፣ አሁን ለልብስ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው የለም፤ በቴሌግራም እንዘዝልህ» አለችኝ። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። አንድ ፈረንጅ በረዶ ላይ ቆሟል፤ የለበሰው ካፖርት እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፤ ኮሌታው የንጉሥ ኮሌታ ነው። ከሥሩ «ኦሪጅናል የቱርክ ሱፍ ካፖርት» ይልና ሦስት የእሳት ምስል ተደርድሮለታል። የእሳቱ ነገር ትንቢት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። ቀጥሎ «ውስን ፍሬ ነው የቀረን» ይላል። ቀጥሎ «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» ይላል። መጨረሻ ላይ «ዋጋ ኢንቦክስ» ይላል።

ይህን «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚሉትን ነገር አስረዱኝ እስቲ። እኔ ደሴ ውስጥ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ሸጫለሁ፤ አቡጀዴ፣ ካኪ፣ ቴትሮን፣ ከፋይ፣ ሱፍ። ዋጋ ሲጠየቅ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ገዢው ጮክ ብሎ ይሰድበኛል፤ ሊወጣ ይነሳል፤ እጠራዋለሁ፤ ይመለሳል። ንግድ ማለት ይህ ነበር። አሁን ዋጋ እንደ ነውር ጆሮ ላይ ይሾካሾካል። የልጅ ልጄ በኢንቦክስ ጠየቀች፣ በኢንቦክስ 4,800 ብር ተባለች። «ቀንስ በይው» አልኳት። «አባባ፣ ፊክስድ ነው ይላል» አለችኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ቃል የተሸነፍኩት ያን ቀን ነው።

ክፍያው ግን እውነቱን ለመናገር ደንቆኛል። ቴሌብር የሚባለው በግንቦት 2013 ነው የመጣው፤ በፊት አዲስ አበባ ብር ለመላክ ባንክ ውስጥ ተሰልፈን ፎርም ስንሞላ የዋልንበትን ነገር ልጅቱ ሦስት ጊዜ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ነው የገረመኝ። «ደረሰኙን ንገሪው ይላክልን» አልኳት። «አይ፣ ደረሰኙን የምንልክለት እኛ ነን፤ ስክሪንሾት» አለችኝ። በእኛ ጊዜ ሻጭ ለገዢ ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር። አሁን ገዢው ነው ለሻጩ «ከፍያለሁ፣ በአላህ እመኑኝ» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርበው።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ብሩ እስኪገባ ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ። «የእርስዎ ሳይዝ ላርጅ ይሆናል»፣ «ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን»። ብሩ ገብቶ ገና እስትንፋሴ ሳይመለስ «አንተ» ሆንኩ። «አድራሻህን ላክ ፋዘር።»

አድራሻ! ደሴ ላይ አድራሻ ማለት ምን ማለት ነው? ሸዋ በር አልፎ፣ በመስጊዱ በታች፣ የወፍጮ ቤቱን ጠይቆ፣ ሰማያዊ በር። ይህን ጽፈን ላክን። የፖስታ ሥራ በአገራችን ከ1886 ጀምሮ አለ፤ ምኒልክ ካቋቋሙት መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን ፖስተኛ የኔን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ደብዳቤ ሣጥን ቁጥር ይገባል፣ አንተ ሄደህ ትከፍታለህ። ሆኖም ፖስታ ቤት አንድ የምወድለት ቃል አለ። የተመዘገበ ደብዳቤ «አደራ» ይባላል። ፈርመህ ትሰጣለህ፣ ፈርሞ ይቀበላል፤ በመካከል ያለው ሰው ሁሉ አደራ በላ ላለመባል ይጨነቃል። አንበሳው ደግሞ የጻፈልኝ ሌላ ቃል ነው፤ «አብሽር ፋዘር»። ወሎ መሆኔን አውቆ በወሎ ቋንቋ መደለሉ ነው። እኛ አብሽር የምንለው ለታመመ ሰው ነው።

አራት ቀን ጠበቅሁ። አምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ።

«ፋዘር፣ ዕቃህ ኮምቦልቻ ወርዷል።»

«እኔ ያለሁት ደሴ ነው» አልኩት።

«ያው አይደል?»

ያው አይደል! እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ደሴ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ያወጡላት የምትባል፣ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያነጹባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ፣ የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዞ የሚደረስባት የሙቀት አገር ናት። አልጠየፋትም፤ የአይጠየፍ ከተማ ሰው ነኝ። ግን ያው አይደለም። እውነት ነው፣ ነገር ሁሉ ወደ እሷ መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያ፣ ቢራው እዚያ፣ ቆዳው እዚያ፣ ደረቅ ወደቡ እዚያ። በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ። የባቡሩ ሐዲድ የተነጠፈው በዚያ በኩል። በአውሮፕላን መሄድ ያማረው የደሴ ሰው እንኳ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እኛ ጋ የቀረው ታሪክና ብርድ ነው። አሁን ደግሞ ካፖርቴም ወረደ።

«ያሉበት ድረስ ብላችሁ አልነበር?» አልኩት።

«አዎ ፋዘር፤ አንተ ብቻ ያለበት ድረስ ሂድ» አለኝ። ቀልዶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ወረድኩ። በጠዋት ነው የወጣሁት፤ ሹራብ፣ ኮት፣ ከላይ ጋቢ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ በጡሩንባ እያነጣጠረ ነበር የሚነዳው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይዋ ምን እንዳደረግኋት አላውቅም፤ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ኮቱን አወለቅሁ፣ ሹራቡ ላይ ስደርስ ዕድሜዬን አስቤ ተውኩት። መናኸሪያው ጥግ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለች። ውስጥ አንድ ልጅ በከረጢት፣ በካርቶንና በጎማ መካከል ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ ስልክ ይነካካል። ስሜን ነገርኩት። ሳያየኝ «ከጀርባህ ያለውን ቢጫ አንሳ» አለኝ። በቢጫ ስኮች እንደ አስከሬን ተገንዞ ተቀምጧል። ስሜ ላይ ሁለት ፊደል ስተዋል፤ ስልኬ ግን ልክ ነው። ያለሁበት ድረስ ለሚመጣ ዕቃ 350 ብር የመላኪያ አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ ልጁ ደግሞ «ስላደረ የማስቀመጫ 100 ብር» አለኝ። ዕቃው አድሯል፤ እውነት ነው። እኔም አድሬያለሁ፤ ለእኔ ግን የከፈለኝ የለም።

በባጃጅ ወደ ሚስቴ ወንድም ቤት ሄድኩ፤ ቤቱ ቦርከና አጠገብ ነው። ቡና እስኪፈላ ስኮቹን በቢላ ቀደድነው። ካፖርቱ ወጣ። እንዲያው ወጣ ልበል እንጂ ከዚያ ሁሉ መጠቅለያ ውስጥ የወጣው እፍኝ የምትሞላ ነገር ናት። ለበስኩት። ፈረንጁ ላይ ጉልበት የነካው እኔ ላይ ወገብ ላይ ቆመ። እጅጌው ከክንዴ አጋማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ደከመው። የሚስቴ ወንድም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ማነሱን እንኳ እችለው ነበር። ጨርቁን ስነካው ነው የከፋኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጨርቅ የነካ ጣት አይታለልም። ሱፍ ሲይዙት ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ሲጨብጡት ይሞቃል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ይህ ግን እንደ ዓሣ ያዳልጣል። ከገበሩ ሥር፣ ከማይታይበት፣ አንዲት ክር መዘዝኩና ክብሪት አስመጣሁ። ይህን ለማያውቅ ልንገረው፦ እውነተኛ ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቀው ይጠፋል፣ የቀረውን በጣት ብታሸው አመድ ሆኖ ይደቃል። የእኔው ክር እሳቱ ገና ሳይነካው ፈርቶ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፤ ሲበርድ መዥገር የምታክል ጥቁር ፍሬ ሆነ። በጥርሴ ነከስኳት፤ ጠጠር ናት። የሸተተን የተቃጠለ ጀሪካን ነው። የሚስቴ ወንድም ሚስት ከጓዳ «ምን ነደደ?» ብላ ሮጣ መጣች።

አሁን ገንዘብ የማስመለሱ ምዕራፍ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስደውል አነሳ። «ጠቦኛል» አልኩት። «ላርጅ ነው ፋዘር፣ የቻይና ላርጅ።» «የቱርክ ብላችሁ ነበር።» «የቱርክ ነው፤ ሳይዙ ነው የቻይና።» ለአፍታ አሳመነኝ፤ ይህን ያህል ነው ምላሱ። ነቃሁና «ሱፍም አይደለም፤ አቃጥዬ አይቻለሁ» አልኩት። ስህተቴ ይህች ናት። ዝም አለ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «አቃጥለኸዋል?» አለኝ። «አንዲት ክር።» «እንግዲያ ፋዘር፣ የተቃጠለ ዕቃ እንዴት ብለን እንመልሳለን?»

ሐሰቱን ያወቅሁበት ማስረጃ እኔኑ ወንጀለኛ አደረገኝ። አያችሁ?

ሁለተኛ ስደውል «ሃሎ? ሃሎ? ድልድይ ሥር ነኝ፣ አይሰማም» ብሎ ዘጋ። ሦስተኛ ጊዜም ድልድይ ሥር ነበር። አራተኛ ጊዜም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ድልድይ እንዳለ አላውቅም፤ ይህ ልጅ ግን አንዱ ሥር ቤት ሳይከራይ አይቀርም። በመጨረሻ በጽሑፍ መጣ። የልጅ ልጄ እያየችኝ አነበበችው፦

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ አይለወጥም።»

ከዚያም ብሎክ አደረገን። አንበሳው ጠፍቶ በቦታው ባዶ ክብ ቀረ።

እኔ የደነገጥኩት በብሎኩ አይደለም። ያቺን አረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ቀይ ቀለም መርጬ፣ ለሠዓሊ ከፍዬ፣ በቆርቆሮ ላይ አጽፌ፣ ከመደርደሪያዬ በላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰቀልኳት የራሴ ናት። ድርብ ሰረዟ ሳትቀር።

አንድ ቀን አንዲት የኩታበር ሴትዮ መጣች። ለልጇ ሠርግ ቀይ ቴትሮን ገዝታኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ቀለሙ ለቆ የነጩን ነጠላ ጫፍ ሁሉ ደም አስመስሎታል። ጨርቁን አጣጥፋ፣ በፌስታል ይዛ፣ በእግሯ ነው የመጣችው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። በእንጨት ሜትሬ ሰሌዳውን ነካ አደረግሁላት። ቀና ብላ አየችና «ጌታው፣ ጽሑፉ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ሰማችና «ታዲያ ስገዛ ለምን አላነበቡልኝም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ደንበኛ መጣና ተገላገልኩ። ያቺ ጥያቄ የት ተቀምጣ እንደቆየች አላውቅም፤ ሰሞኑን ግን ማታ ማታ እየመጣች ትጠይቀኛለች።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጠበቃ ለሆነ የሰፈራችን ልጅ አወራሁት፤ የቴትሮኑን ሳይሆን የካፖርቱን። ሕግ አለ አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይባላል። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ገዢው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ነጋዴ ከሕግ ግዴታው የሚያመልጥበትን ማስታወቂያ መስቀልም አይፈቀድለትም። እዚህ ላይ ሳል ያዘኝ። በኢንተርኔት ለሚደረገው ግብይትም በ2012 ሌላ አዋጅ ወጥቷል፤ 1205/2012። «ታዲያ እንክሰሰው!» አልኩ ተነስቼ። «በማን ስም?» አለኝ። ደረሰኝ የለ፣ ንግድ ፈቃድ የለ፣ ሱቅ የለ። በአንበሳ ስም የክስ ቻርጅ አይጻፍም። ገንዘቡ የገባበት ስልክ ባለቤት ስም ደርሶን ነበር፤ እሱም «ብሩን የላኩት ለአጎቴ ልጅ ነው» ባይ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው የፖሊስ ነገር ነው፤ እኔ ለ4,800 ብር ብዬ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ብመላለስ የማወጣው ከካፖርቱ ይበልጣል። ይህን ሒሳብ አንበሳው ከእኔ ቀድሞ ሠርቶታል።

ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ደግሞ በስልክ ስታጽናናኝ አበሸቀችኝ። እሷ አገር ሰው ሦስት ሳይዝ አዝዞ፣ አንዱን አስቀርቶ፣ ሁለቱን ደጁ ላይ አስቀምጦ ይመልሳል አለችኝ። አውሮፓ ውስጥ በኢንተርኔት የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለምን ሳይባል መመለስ መብቱ ነው አለችኝ። «ለምን ሳይባል?» «ለምን ሳይባል።» ይህ እንኳ ጥጋብ ነው ብዬ ተከራከርኳት። የኛን ጊዜ አስታወስኳት፤ በደርግ ዘመን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ያደለንን ሸሚዝ ቁጥሩን ሳንጠይቅ ለብሰን፣ የኔ የጎረቤቴ ላይ፣ የጎረቤቴ የኔ ላይ ልክ ሆኖ ስንገኝ አጥር ላይ ተለዋውጠን እንኖር ነበር። አየሽ፣ እኛም መለወጥ ነበረን፤ አጥር ነበረን እንጂ ኢንተርኔት አልነበረንም። በሬ ስንገዛ እንኳ፣ ባቲም ይሁን ሰኞ ገበያ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ነውሩ ተነግሮ ነው። ይወጋል፣ ይተኛል፣ አንድ ዓይኑ ፈዟል። ነውሩን የደበቀ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል፤ የት ይሄዳል?

«አባዬ፣ ያንተ ቴትሮን ቀለም እንደሚለቅ ለደንበኛ ትናገር ነበር?» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ላሳጥረው።

በዚህ መካከል የልጅ ልጄ ከኋላ መጋዘን ውስጥ ሰሌዳውን አገኘችው። ከተማችን በ2014 በጦርነቱ ስትዘረፍ ከዚያ ክፍል ሚዛኑን፣ ሳጥኑን፣ የበሩን ቁልፍ ሳይቀር ወስደውብናል፤ ሰሌዳውን ግን ማንም አልፈለገውም። አቧራውን ጠርጋ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ላከችው። «አባባ፣ አንበሳው ካንተ ነው የቀዳው» ትላለች። እሷ ራሷ የሐይቅ ማርና የጋቢ ቻናል ልትከፍት እያሰበች ነው። መመለሻ ይኖረዋል ወይ አልኳት። «እሱን ገና አላሰብኩበትም» አለችኝ።

ካፖርቱን ምን አደረግኸው በሉኝ። ኮምቦልቻ ቀረ። የሚስቴ ወንድም አጭር ሰው ነው፤ ሲለብሰው ለእሱ የተሰፋ መሰለ። አላህ ሲፈጥረው በቻይና ላርጅ ነው። ሙቀት አገር ካፖርት ምን ያደርግልሃል ስለው «ለለቅሶ ደሴ ስወጣ እለብሰዋለሁ» አለኝ። በነፃ ልሰጠው ነበር፤ እሱ ራሱ ኪሱ ገብቶ 1,000 ብር ሲያወጣ እጄ ከአፌ ቀድሞ ተቀበለ። የነጋዴ እጅ ነው፤ ጡረታ አይወጣም። ሱፍ ነው አላልኩትም። ሱፍ አይደለምም አላልኩትም። ክሩን ሳቃጥል እዚያው ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብል የበላውን ካፖርቴን እንደ ለበስኩ ደወለ። ጦሳ ገና ፀሐይዋን እየወሰዳት ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ካፖርቱ እኮ ከብብቱ ሥር ተተረተረ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለበስኩት። ልመልስልዎት ይሆን?»

በተከፈተው በር ወደ ሳሎን ዞር ስል ሰሌዳው ከግድግዳው ላይ ያየኛል። የልጅ ልጄም ታየኛለች።

«ሃሎ?» አልኩት። «ሃሎ? አይሰማም… ሐረጎ ላይ ነኝ… ሃሎ?»